የቅንብር ማብራሪያ የት ይጻፍ? አምስት አማራጮች ሲነጻጸሩ

ከሌላ ቡድን በተረከብኩት አንድ ሥርዓት ውስጥ «የመጠበቂያ ጊዜ፣ ነባሪው 30» የሚል የቅንብር ማብራሪያ ነበር፤ ቅንብር የፕሮግራሙን አሠራር የሚወስን፣ ተጠቃሚው ሊቀይረው የሚችል እሴት ነው፤ ነባሪው ደግሞ ማንም ካልቀየረው የሚሠራበት እሴት ነው። ሠላሳ ምን? ሰከንድ መሆኑን ለአፍታም አልተጠራጠርኩም። ሥራ ሲበዛበት ትንሽ ይታገሥ ብዬ ወደ 60 ከፍ አደረግሁት። አገልግሎቱ ወዲያው የመጣለትን ጥያቄ ሁሉ እየቆረጠ መጣል ጀመረ። ለካስ ማብራሪያው ሲጻፍ እውነት ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ኮዱ ከሰከንድ ወደ ሚሊሰከንድ ተሻግሮ ነባሪው 30000 ሆኗል። እኔ ትዕግሥቱን የጨመርኩ መስሎኝ 60 ሚሊሰከንድ ሰጥቼዋለሁ። ምክንያቱን እስካገኝ ግማሽ ሌሊት ሄደ።

ያንን መስመር የጻፈውን ሰው በአጻጻፉ መውቀስ አልችልም፤ አጭርና ግልጽ ነበር። ችግሩ የተቀመጠበት ቦታ ነው፤ ኮዱን የቀየረው ፕሮግራመር ፈጽሞ በማይከፍተው ገጽ ላይ ተቀምጦ ነበር። ስለዚህ የሶፍትዌር ቅንብሮችን ማብራሪያ ለማዘጋጀት ያሰበ ቡድን ከሁሉ በፊት የሚወስነው ነገር የት እንደሚጻፍ ነው። አማራጮቹ በርካታ ናቸው፤ ሁሉም ደጋፊ አላቸው፤ ሁሉም የሚከዱበት ሰዓት አለ።

በቅድሚያ፣ ምኑ ነው የሚጻፈው?

ስለ አንድ ቅንብር የሚጻፈው ሁለት ዓይነት ነገር ነው። አንዱ ፍሬ ነገሩ ነው፦ ስሙ፣ ነባሪ እሴቱ፣ የሚለካበት አሃድ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰኑ፣ ለውጡ ሥራ ላይ የሚውልበት ጊዜ። ሌላው ፍርዱ ነው፦ ቅንብሩ ለምን ተፈጠረ፣ ማን ቢነካው ይሻላል፣ ከፍ ወይም ዝቅ ቢደረግ ምን ያስከፍላል።

ፍሬ ነገሩ የሚያደናግር አይመስልም፤ ያደናግራል። ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ ውስጥ «ሼርድ በፈርስ» የሚሰኘው የማህደረ ትውስታ ቅንብር ነባሪው አብዛኛውን ጊዜ 128 ሜጋባይት ነው። አሃዱን ትቶ 128 ብቻ የጻፈ ሰው ግን 128 ሜጋባይት አያገኝም። አሃድ የሌለው ቁጥር እዚህ ቦታ በብሎክ ይቆጠራል፤ አንድ ብሎክ በተለምዶ 8 ኪሎባይት ስለሆነ የሚያገኘው 1 ሜጋባይት ነው። እዚያው ዳታቤዝ ውስጥ የአንድን ትእዛዝ የጊዜ ገደብ የሚወስነው «ስቴትመንት ታይምአውት» አሃድ ሳይኖረው ሲጻፍ ሚሊሰከንድ ይሆናል። ሬዲስ የተባለው ሌላ ዳታቤዝ በበኩሉ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኬ» ሲያይ 1000 ባይት፣ «ኬቢ» ሲያይ 1024 ባይት ይላል፤ ይህንንም በቅንብር ፋይሉ መግቢያ ላይ በግልጽ ጽፎታል።

ዜሮ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ለ«ስቴትመንት ታይምአውት» ዜሮ ማለት ገደብ የለም ማለት ነው። የዘገዩ ትእዛዞችን ወደ መዝገብ ለሚጽፈው ሌላ የፖስትግሬስ ቅንብር ግን ዜሮ ማለት ሁሉንም መዝግብ ነው፤ ምንም አትመዝግብ ለማለት የሚጻፈው አሉታዊ 1 ነው። ኤንጂንኤክስ የተባለው የድር ሰርቨር የሚቀበለውን የጥያቄ ይዘት መጠን የሚገድበው ቅንብር ነባሪው 1 ሜጋባይት ሲሆን፣ ዜሮ ሲሰጠው ምርመራውን ጨርሶ ይተወዋል። ዜሮን «ምንም» ብሎ የሚያነብ ሰው በሩን እየዘጋ መስሎት ወለል አድርጎ ይከፍተዋል። የዜሮንና የአሉታዊ 1ን ትርጉም ያልጻፈ ማብራሪያ፣ ሌላው ሁሉ ቢያምር እንኳ፣ ግማሽ ነው።

ፍርድ ስል ደግሞ ምን ማለቴ እንደሆነ አንድ ምሳሌ ላንሳ። የፖስትግሬስ «ወርክ ሜም» ነባሪው 4 ሜጋባይት ነው። መመሪያው ቁጥሩን ነግሮ አያበቃም፤ አንድ የተወሳሰበ ትእዛዝ ይህን መጠን በአንድ ጊዜ ደጋግሞ ሊወስድ እንደሚችል፣ ብዙ ተጠቃሚዎችም በአንድ ላይ ሊወስዱ እንደሚችሉ፣ ስለዚህ ጠቅላላው ፍጆታ የተጻፈውን ቁጥር ብዙ እጥፍ ሊሆን እንደሚችል ያስጠነቅቃል። ያንን ማስጠንቀቂያ ያላነበበ ሰው ቁጥሩን 100 ሜጋባይት አድርጎ ሰርቨሩን ለምን ማህደረ ትውስታ እንዳጠረው ሲፈልግ ይውላል።

መመዘኛዎቹ

አማራጮቹን የምመዝነው በአምስት ጥያቄ ነው። ኮዱ ሲቀየር ማብራሪያው አብሮ ይቀየራል ወይስ ወደ ኋላ ይቀራል? አንባቢው እሴቱን ሊጽፍ ጣቱን ባነሣበት ቅጽበት ማብራሪያው ዓይኑ ሥር ነው? ፍርዱን ለመጻፍ በቂ ቦታ ይሰጣል? የሚያሳየው አንባቢው የጫነውን እትም ነው? የመጨረሻው፣ ለመጀመርና በየጊዜው ለመንከባከብ ምን ያህል የሰው ጉልበት ይበላል?

ከእነዚህ የመጀመሪያውን ከሌሎቹ አብልጬ እመዝነዋለሁ። የሌለ ማብራሪያ አንባቢውን ወደ ኮዱ ይልከዋል፤ የተሳሳተ ማብራሪያ ግን በልበ ሙሉነት ወደ ገደል ይወስደዋል።

አንደኛ፦ በቅንብር ፋይሉ ውስጥ የሚጻፍ ኮሜንት

ከሶፍትዌሩ ጋር ናሙና የቅንብር ፋይል ይላካል፤ ከየቅንብሩ በላይ በኮሜንት፣ ማለትም ፕሮግራሙ በማያነበው ማስታወሻ፣ ሁለት ሦስት መስመር ማብራሪያ ይቀመጣል። የሬዲስ ፋይል የዚህ ዓይነት ታዋቂ ምሳሌ ነው፤ ከላይ እስከ ታች ቢነበብ እንደ አጭር የትምህርት መጽሐፍ ይሆናል። በቅርበት ይህን የሚያህል የለም። እሴቱን የሚጽፈው ሰው ማብራሪያውን ሳያየው ማለፍ አይችልም፤ ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ መፈለጊያ ወደ ሌላ እትም ገጽ አይወስደውም።

ችግሩ የሚጀምረው ፋይሉ ባለቤት ሲቀየር ነው። ናሙናው ከተገለበጠ በኋላ የአስተዳዳሪው ንብረት ነው፤ ሶፍትዌሩ ሲሻሻል ፋይሉ አይሻሻልም። ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ሥርዓት ላይ አስተዳዳሪው የነካውን የቅንብር ፋይል አዲሱ ጥቅል በሌላ ይዘት ሲያመጣው፣ የራስህን ታቆያለህ ወይስ የመጣውን ትወስዳለህ የሚል ጥያቄ ይቀርባል፤ ምንም ሳይመርጥ የማስገቢያ ቁልፉን ብቻ የሚጫን ሰው የራሱን ነው የሚያቆየው። የራስን ማቆየቱ ልክ ነው፤ የሠራበትን እሴት ማን ይጥላል? ግን ከእሴቱ ጋር ያረጀውም ማብራሪያ ይቆያል። ከሦስት እትም በኋላ ፋይሉ ስለጠፉ ቅንብሮች እየተረከ፣ ስለ አዲሶቹ ምንም አያውቅም።

ሌላም አለ። ከሩቅ ወደ ሰርቨር ለመግባት የሚያገለግለው ኦፕንኤስኤስኤች የሚልከው ናሙና ነባሪ እሴቶቹን በኮሜንት ምልክት ሸፍኖ ይደረድራል፤ ምልክቱ የተነሣለት መስመር ነባሪውን ይሽራል ማለት ነው። ልማዱን ለሚያውቅ የተመቸ አሠራር ነው። ለማያውቅ ግን የተሸፈነው መስመር «ይህ ጠፍቷል» የሚል ይመስላል። የፖስትግሬስ ናሙና ፋይል ይህን ስለሚያውቅ መግቢያው ላይ ያስጠነቅቃል፤ መስመሩን መልሶ መሸፈን ብቻውን እሴቱን ወደ ነባሪው አይመልሰውም፣ ሰርቨሩ ፋይሉን እንደገና ማንበብ አለበት።

ፋይሉ ጄሰን በተባለው የመረጃ አጻጻፍ የሚጻፍ ከሆነ ደግሞ ይህ አማራጭ ከመነሻው ዝግ ነው፤ ጄሰን ኮሜንት አይፈቅድም። አንዳንዶች «ኮሜንት» የሚል ሐሰተኛ ቅንብር እየፈጠሩ ማብራሪያውን እንደ እሴት ይጽፋሉ። አይቼዋለሁ፤ አልመክረውም። ያምል እና ቶምል የተባሉት ሌሎች አጻጻፎች ግን ኮሜንት ይቀበላሉ።

ሁለተኛ፦ በእጅ የሚጻፍ ማጣቀሻ

ይህ የቆየው መንገድ ነው። የዩኒክስ ሥርዓተ ክወና የመጀመሪያው የፕሮግራመሮች መመሪያ የወጣው በ1971 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ዛሬም በዩኒክስ መሰል ሥርዓቶች ላይ ስለ ፋይሎች ቅርጽ የሚናገረው የመመሪያው ክፍል 5ኛው ነው።

ጥሩ ማጣቀሻ በቅርጹ ይታወቃል። የአፓቺ የድር ሰርቨር መመሪያ ለየቅንብሩ አንድ ዓይነት ራስጌ አለው፦ መግለጫ፣ የአጻጻፍ ሥርዓት፣ ነባሪ፣ የሚፈቀድበት ቦታ፣ የሚገኝበት ሞጁል። ኤንጂንኤክስ ይበልጥ ቆጣቢ ነው፤ የአጻጻፍ ሥርዓት፣ ነባሪ፣ የሚፈቀድበት ቦታ ብሎ ወደ ማብራሪያው ይገባል። ሁለቱንም የተጠቀመ ሰው ዓይኑ የት እንደሚያርፍ ያውቃል፤ ነባሪውን ሊያይ የመጣ ሰው አንቀጽ ማንበብ የለበትም።

ፍርድ ለመጻፍ ይህን የሚስተካከል አማራጭ የለም። ተዛማጅ ቅንብሮችን በአንድ ርዕስ ሥር ማሰባሰብ፣ «ይህን ከፍ ካደረጋችሁ ያኛውንም ተመልከቱ» ማለት፣ ምሳሌ መስጠት ይቻላል። ፖስትግሬስ ለ«ሼርድ በፈርስ» መነሻ አድርጎ የሚመክረው፣ ማሽኑ ለዳታቤዙ ብቻ የተሰጠና ቢያንስ 1 ጊጋባይት ማህደረ ትውስታ ያለው ከሆነ፣ የማህደረ ትውስታውን 25 በመቶ ነው። ይህን ዓይነት ምክር ከኮድ ውስጥ ማንም አያወጣውም፤ ሠርቶ ያየ ሰው ነው የሚጽፈው።

ድካሙ ግን አያልቅም። እጅ የጻፈውን እጅ ካላደሰው ያረጃል፤ የመግቢያው ታሪኬም ከዚህ የመጣ ነው። የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው፦ ማጣቀሻው ከኮዱ ጋር በአንድ ማከማቻ ይቀመጥ፤ ቅንብር የሚነካ ለውጥ ገጹን ካልነካ በግምገማ አይለፍ። እትሞችም ይለዩ። ፖስትግሬስ ለየዋና እትሙ የተለየ ሰነድ ስላለው፣ በመፈለጊያ ያረጀ ገጽ ላይ የወደቀ አንባቢ ከገጹ አናት ወደ ራሱ እትም መሻገር ይችላል። ይህ ከሌለ አንባቢው በማን እትም እንደሚያነብ እንኳ አያውቅም።

ሦስተኛ፦ ከኮድ ወይም ከስኪማ የሚመነጭ ማብራሪያ

እዚህ ፕሮግራመሩ ቅንብሩን ሲያውጅ ዓይነቱን፣ ነባሪውን፣ ወሰኑንና መግለጫውን በአንድ ቦታ፣ በኮዱ ወይም ስኪማ በሚባል የቅንብሮች ዝርዝር መግለጫ፣ ይጽፋል፤ ገጹን መሣሪያ ያወጣዋል። ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ ለተባለው የኮድ መጻፊያ ተጨማሪ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ቅንብሮቹን ከነመግለጫቸው በአንድ ፋይል ያውጃል፤ ተጠቃሚው የሚያየው የቅንብሮች ገጽ ከዚያው ይገነባል። ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስ ያለው «ኤክስፕሌን» ትእዛዝም የየመስኩን መግለጫ የሚያወጣው ሰርቨሩ ከሚያትመው ስኪማ ነው፤ ስለዚህ የሚናገረው ስለተጫነው እትም ነው።

በመጀመሪያው መመዘኛ ይህ አማራጭ አሸናፊ ነው። ነባሪው በኮድ ሲቀየር በገጹም ይቀየራል፤ የሚረሳ ሰው የለም። ነገር ግን መሣሪያው የማያስበውን አያስብም። «ማክስ ኮኔክሽንስ፦ የኮኔክሽኖችን ከፍተኛ ብዛት ይወስናል» የሚል መግለጫ ስንት ጊዜ አነበብኩ! ስሙን ገልብጦ መልሶ የሚናገር በቀቀን ነው። ብዛቱ ሲሞላ ቀጣዩ ጠያቂ ይጠብቃል ወይስ ይባረራል? እያንዳንዱ ኮኔክሽን ምን ያህል ማህደረ ትውስታ ይወስዳል? የሚፈለገው እሱ ነበር። ባዶ መግለጫ ሲገኝ ግንባታውን የሚያስቆም ፍተሻ መጨመር ቀላል ነው፤ በቀቀኑን የሚይዝ ፍተሻ ግን ሰው ነው።

ሁለት ጥቃቅን ወጥመዶችም አሉ። የመነጨ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ በፊደል ተራ ይደረደራል፤ አብረው መነበብ ያለባቸው ቅንብሮች በተለያየ ጫፍ ይበተናሉ። ነባሪው በስሌት የሚገኝ ሲሆን ደግሞ፣ ለምሳሌ በፕሮሰሰር ብዛት የሚወሰን ከሆነ፣ መሣሪያው ስሌቱን ትቶ ውጤቱን ሊያትም ይችላል። አንድ ጊዜ ሰነዱን ያመነጨው ማሽን የፕሮሰሰር ብዛት ለሁሉም ሰው ነባሪ ሆኖ ታትሞ አግኝቻለሁ።

አራተኛ፦ ፕሮግራሙ ራሱ ሲመልስ

የእርዳታ ትእዛዝ፣ የቅንብር መስኮት፣ የሥርዓት ሠንጠረዥ ሁሉ ከዚህ ይመደባሉ። ሌሎቹ አማራጮች ሊሆን የሚችለውን ሲናገሩ ይህ አሁን ያለውን ይናገራል። ፖስትግሬስ ቅንብሮቹን በሠንጠረዥ መልክ ያቀርባል፤ አሁን የሚሠራበት እሴት፣ አሃዱ፣ ዝቅተኛና ከፍተኛው፣ አጭር መግለጫ፣ እሴቱ የመጣበት ፋይልና የመስመር ቁጥር፣ እንዲያውም ለውጡ ዳግም ማስነሣት እየጠበቀ መሆኑ ጭምር ይታያል።

የመስመር ቁጥሩን ነገር አትናቁት። አንድ ቅንብር በፋይሉ ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢጻፍ የትኛው ይሠራል? በፖስትግሬስ የመጨረሻው። በኦፕንኤስኤስኤች ሰርቨር ደግሞ በአብዛኛው መጀመሪያ የተገኘው። በሁለቱም ላይ የሚሠራ አስተዳዳሪ አዲስ እሴት ከፋይሉ ግርጌ ጨምሮ አንዱ ሲሰማው ሌላው ዝም ይለዋል። እንዲህ ባለ ሰዓት ረጅም ገጽ ከማንበብ ፕሮግራሙን መጠየቅ ይቀላል።

ለምክንያትና ለምክር ግን ቦታ የለውም። በተሳሳተ ቅንብር ምክንያት አልነሣም ያለ ፕሮግራምም ጥያቄ አይመልስም፤ ኤንጂንኤክስ እንዳለው ያለ፣ ሰርቨሩን ሳያስነሣ ፋይሉን ብቻ የሚመረምር ትእዛዝ ለዚህ ነው የሚያስፈልገው። የስህተት መልእክትም ከማብራሪያ ይቆጠራል፤ «እሴቱ ትክክል አይደለም» ከማለት የተጻፈውን እሴት፣ የሚፈቀደውን ወሰንና መስመሩን መናገር አንድ ገጽ ሰነድ ያስቀራል።

አምስተኛ፦ የቡድን ዊኪ

የቡድኑ አባላት ሁሉ ሊያርሙት የሚችሉት የጋራ ድረ ገጽ ነው፤ ለመጀመር ከሁሉ ይቀላል፤ ለማርጀትም ከሁሉ ይፈጥናል። የምርቱን ነባሪ እሴቶች እዚያ መገልበጥ ጊዜ ማባከን ነው። አንድ ነገር ግን ይዋጣለታል፦ «እኛ ይህን ወደ 300 ያደረግነው በዚህ ምክንያት ነው» የሚለውን የቤት ታሪክ።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ከኮድ ጋር መጣጣም | ቅርበት | የፍርድ ቦታ | እትምን መከተል | ድካም |
|---|---|---|---|---|---|
| ኮሜንት በፋይሉ ውስጥ | እስኪገለበጥ ድረስ ጥሩ | ከሁሉ የላቀ | ጠባብ | ከማሻሻያ በኋላ ይወድቃል | ትንሽ |
| በእጅ የተጻፈ ማጣቀሻ | በሰው ትጋት ይወሰናል | መካከለኛ | ከሁሉ የላቀ | እትሞች ከተለዩ ጥሩ | ከባድና የማያቋርጥ |
| የመነጨ ማብራሪያ | ከሁሉ የላቀ | መካከለኛ | ጸሐፊው ካልደከመ ባዶ | ጥሩ | መጀመሪያ ከባድ፣ ኋላ ቀላል |
| የፕሮግራሙ መልስ | በጣም ጥሩ | በጣም ጥሩ | የለም ማለት ይቻላል | ከሁሉ የላቀ | መካከለኛ |
| የቡድን ዊኪ | ደካማ | ደካማ | ሰፊ | የለም | ለመጀመር ትንሽ |

ለማን የትኛው?

አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚሠራው፣ ቅንብሮቹ ከሃያ የማይበልጡ መሣሪያ ከሆነ፣ በናሙና ፋይሉ ውስጥ ኮሜንት ጽፎ ማለፍ ይበቃል። ሌላው ቢቀር አሃዱን፣ የዜሮን ትርጉምና ዳግም ማስነሣት ይፈልግ እንደሆነ ይጻፍ። ቅንብሮቹ በአካባቢ ተለዋዋጭ፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲነሣ ከሥርዓተ ክወናው በሚቀበለው እሴት፣ የሚገቡ ከሆነ ኮሜንት የሚያርፍበት ቦታ ስለማይኖር፣ እሴቶቹ ባዶ የሆኑ ናሙና ፋይል አዘጋጅቶ እዚያ ላይ መጻፍ ነው።

ብዙ ተጠቃሚና ብዙ እትም ላለው ምርት ሦስተኛውንና ሁለተኛውን ማጋባት እመክራለሁ፤ ፍሬ ነገሩ ይመንጭ፣ ፍርዱ በእጅ ይጻፍ። ተዛማጅ ቅንብሮችን የሚያሰባስቡ ገጾችን ሰው ይጽፋል፤ በውስጣቸው ያሉት ነባሪዎችና ወሰኖች ከስኪማው ይገባሉ። እዚህ ላይ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የሚለው ምክር አይሠራም። ነባሪ እሴት በሁለት ቦታ በእጅ ከተጻፈ አንዱ ሲሰበር ድምፅ አይሰማም፤ አንባቢው የተንጠለጠለው በተሰበረው ይሁን በቀናው የሚያውቀው ሲወድቅ ነው። የስኪማ ሥራው መጀመሪያ ላይ ጊዜ ይወስዳል፤ ያ ጊዜ ከሌለ በእጅ በተጻፈው ማጣቀሻ ላይ ቢያንስ ነባሪ እሴቶቹን ከኮዱ ጋር የሚያመሳክር ትንሽ ፍተሻ ይጨመርበት። ግማሹን ጥቅም በጥቂት ድካም ይሰጣል።

ሌሎች የሠሩትን ሶፍትዌር ለሚያስተዳድር ቡድን ምክሬ ሌላ ነው። የአምራቹን መመሪያ እንደገና አትጻፉ። ከነባሪው የተለየውን እሴት ብቻ በፋይሉ አስቀምጡ፤ ከጎኑ ምክንያቱንና ቀኑን ጻፉ፤ ፋይሉን የለውጥ ታሪክ በሚይዝ ማከማቻ አኑሩት። አምስት መቶ መስመር ከተገለበጠ ናሙና ይልቅ ምክንያታቸው የተጻፈ አሥራ ሁለት መስመሮች ለተተኪው ሰው የበለጠ ይነግሩታል።

ለዚህም ጊዜ የሌለው ሰው ቢያንስ አሃዱን ስሙ ውስጥ ያስገባ። «የመጠበቂያ ጊዜ» ከሚባል «የመጠበቂያ ጊዜ በሚሊሰከንድ» ቢባል፣ ፋይሉ በተገለበጠበት ሁሉ አብሮ የሚሄድ ማብራሪያ ተገኘ ማለት ነው። ግማሽ ሌሊት ያስፈጀኝን ያን ቅንብር በማግሥቱ ያደረግሁት ይህንኑ ነው፤ የድሮውን ስም የሚጽፍ ሰውም አዲሱን የሚነግር የስህተት መልእክት ያገኛል። «ነባሪው 30» የሚለውን ገጽ ግን ለማረም ፈቃድ የሚሰጠኝ ሰው ሳፈላልግ ሌላ ሦስት ቀን ፈጀብኝ።